ሺምፐር፤ በዐድዋ ያረጀው የዕፀዋት ሰብሳቢ

ባለፈው ጥቅምት በአንድ እሑድ ማለዳ ከደሴ ተነሥተን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ወደ ኮምቦልቻ የሄድነው ለመናፈስ ብቻ አልነበረም። ተማሪዎችና ሥራ ከያዝን ገና ዓመት ያልሞላን ወጣቶች ሃያ ያህል ሆነን፣ በየጎፍ ተራራ ደን ውስጥ የሚገኙትን የዱር ዕፀዋት በየስማቸው ለይተን ለማወቅ ነበር። ከፊታችን ሁለት መሪዎች ነበሩ። አንዱ የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው፤ ወፍራም መጽሐፍ ይዘዋል። ሁለተኛው በደን ጥበቃ ያረጁ አዛውንት ናቸው፤ የያዙት ዱላ ብቻ ነው። ማን ከማን ይበልጥ እንደሚያውቅ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታወቀ። አዛውንቱ ቅጠል ሳይነኩ፣ አንዳንዴም ዘወር ብለው ሳያዩ፣ ይህ ቀጨሞ ነው፣ ያ ብሳና ነው፣ ይኸኛው እንዶድ ነው እያሉ ሲያልፉ መምህሩ የመጽሐፋቸውን ገጽ ፈልገው ለማግኘት ይቸኩሉ ነበር።

ከጽዱ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለውን ግራጫ ነገር ባየን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ዛፉ ሊደርቅ ነው ብሎ አዘነለት። አዛውንቱ ሣቁና የዛፍ ሽበት ይባላል አሉ። ሰው ቢሸብት ወዲያው እንደማይሞት ሁሉ ዛፉም በዚህ አይሞትም። መምህሩም ነገሩን አሰፉት። በዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውም ሆነ በአለት ላይ እንደ ቀለም ጠብታ የሚለጠፈው የድንጋይ ሽበት፣ ሊቃውንት ላይከን የሚሉት፣ አንድ ዕፅ አይደለም። ፈንገስና አልጋ የሚባል ደቂቅ አረንጓዴ ዘር ተጋብተው፣ አንዱ ቤት ሠርቶ ሌላው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አዘጋጅቶ፣ በአንድ አካል የሚኖሩበት ማኅበር ነው። እኛም ትዳር ከዛፍ ላይ ተማርን ተባብለን ቀለድን።

የዚያን ቀን ጨዋታ ወደ ቁም ነገር የለወጡት ግን ሁለት ዕፀዋት ናቸው። አንደኛው እንቆቆ ነው። ይህን ማንም የኢትዮጵያ ልጅ ያውቀዋል፤ ጥሬ ሥጋ ወዳድ የሆነው ሕዝባችን ከኮሶው ጋራ የኮሶ ትል ማስወጫ ያደረገው፣ ፍሬው ትንንሽ የሆነ ሐረግ መሳይ ዕፅ ነው። ሁለተኛው ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ የሆነው መሬንዝ ነው። አዛውንቱ ይህን ሲያሳዩን እንጨቱን በአፋችን እንዳንነክስ፣ ሥጋም እንዳንጠብስበት አጥብቀው አስጠነቀቁን፤ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ አዳኞች የፍላጻቸውን መርዝ የሚያወጡት ከዚሁ ዛፍና ከዘመዶቹ ነው። መምህሩም ሁለቱን በመጽሐፋቸው አገኟቸውና በሳይንስ ቋንቋ እንቆቆ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ፣ መሬንዝ ደግሞ አኮካንቴራ ሺምፐሪ እንደሚባሉ ነገሩን።

አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ መርዝ፤ የሁለቱም የአባት ስም ግን አንድ ሆነ። ታዲያ ይህ ሺምፐር ማነው? መምህሩ አንድ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሰብሳቢ መሆኑን ብቻ ያውቁ ነበር። እኛ ያንንም አናውቅም ነበር። አዛውንቱ ግን እንቆቆን ከአያታቸው እንደ ተማሩና አያታቸውም ሺምፐር የሚባል ሰው አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። በዚህ የሣቅን ያህል ወደ ደሴ ስንመለስ ነገሩ በሐሳባችን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሰው ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ሰነበትን፤ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን፤ በታሪካችን የታወቁትን ግን በእኛም አቆጣጠር እናክላለን።

ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 በባቫሪያ፣ ከኑርንበርግ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ቤተ ዘመዱ ለዕፀዋት የተፈጠረ ይመስላል። በአንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሕ ቅጠሎች በግንድ ዙሪያ የሚደረደሩበትን ሥርዐት የመረመረና፣ ምድር በጥንት ጊዜ በበረዶ ተሸፍና የነበረችበትን ዘመን የበረዶ ዘመን ብሎ የሰየመ ሊቅ ነው። የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ደግሞ በእርጥብ ድንጋይና በግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚነጠፉትን ጥቃቅን ዕፀዋት በማጥናት በአውሮፓ ስሙ የገነነ ነው። የእኛ ሺምፐር ግን በወጣትነቱ ከእነዚህ አንዱንም አልመሰለም። የእጅ ሥራ ተማረ፣ ወታደርም ሆነ። ወደ ትምህርት የመጣው ዘግይቶ፣ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ በወንድሙ ጎትጓችነት ወደ ሙኒክ ሄዶ ነው። ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ሕይወቴ ሳይሰምር ቀረ ብሎ የሚያዝን የትምህርት ጓደኛ ያለው አንባቢ ይህን ቢነግረው አይከፋም።

ወደ ሩቅ አገር ያወጣው ኤስሊንገን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ስቶይደል የሚባል ሐኪምና ሆሕሽቴተር የሚባል ቄስ ያቋቋሙት ይህ የጉዞ ማኅበር አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነበር። በየአገሩ ያሉ የዕፀዋት ወዳጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ሰብሳቢው ከእያንዳንዱ ዕፅ ብዙ ብዙ ቅጠልና አበባ አድርቆ ይልካል፤ ማኅበሩም በስም ለይቶ፣ ቁጥርና የታተመ ወረቀት ለጥፎ፣ ለአዋጪዎቹ እንደ ድርሻቸው ያከፋፍላል። ዕቁብ ማለት ነው፤ ዕጣው ግን የደረቀ ዕፅ ነው። አንባቢያችን ይህን አሠራር እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ትልቅ ነገር የሚያድን ሆኖ እናገኘዋለንና።

ሺምፐር በ1831 ወደ አልጄሪያ ሄደ። በ1834 ደግሞ ማኅበሩ ከዶክተር ቪስት ጋራ ወደ ግብፅ ላከው። ቪስት በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ሺምፐር ብቻውን ሲናንና የሒጃዝን ምድር ዞረ። በ1837 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል ወጥቶ ዐድዋ ገባ። ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ሐሳቡ ጥቂት ዓመት ሰብስቦ መመለስ ሳይሆን አይቀርም። አርባ አንድ ዓመት ኖረና እዚያው ሞተ።

ትግሬንና ሰሜንን ያን ጊዜ የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በዐድዋ የነበሩት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1838 ተባረሩ፤ ሺምፐር ግን ሃይማኖት ሊሰብክ ሳይሆን ሣር ሊለቅም የመጣ ሰው ነውና ቀረ። እኛ ስናስበው፣ በጦርነት ላይ የነበሩ መኳንንት ሣርና ቅጠል ለቅሞ በወረቀት ውስጥ የሚያስተኛውን ፈረንጅ እንዴት አድርገው ይመለከቱት እንደ ነበረ ለማወቅ ያጓጓናል። ቢያንስ እንደማይጎዳ አይተዋል።

የሥራውን ክብደት በየጎፍ ባንሞክረው ኖሮ አናውቀውም ነበር። እኛ አሥር ቅጠል በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አስተኝተን መጽሐፍ ጫንበት። በማግሥቱ ጋዜጣውን መቀየር የረሳን ሰዎች በሦስተኛው ቀን ያገኘነው ሻጋታ ነው። ወረቀቱ በየዕለቱ ደረቅ በደረቅ መለወጥ አለበት፤ አበባው፣ ቅጠሉና ፍሬው፣ የሚቻል ሲሆንም ሥሩ አብሮ መታየት አለበት፤ ነቀዝም እንዳይበላው መጠበቅ አለበት። ሺምፐር ይህን ያደረገው ለአሥር ቅጠል አይደለም። ለእያንዳንዱ ዕፅ በርካታ ቅጂ እያዘጋጀ፣ በክረምት ዝናብ፣ ወረቀት ከባሕር ማዶ በሚመጣበት አገር ነው። ከዚያም ጭነቱ ከዐድዋ እስከ ምጽዋ ቁልቁል ይወርዳል፤ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ነውና በግብፅ ምድር እንደገና በየብስ ተጭኖ ወደ ሜዲትራኒያን ይሻገራል። ጭነቱ መድረሱ ራሱ ተአምር ይመስለናል።

ስብስቡን የሠራባቸው ስፍራዎች ስም እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ወረቀት ላይ ይነበባል፤ ከዐድዋ በላይ ያለው የሶሎዳ ተራራ፣ የተከዜ ሸለቆ፣ የሰሜን ተራሮች፣ እንጨትቃብ። አንድ ሰው በርሊን ወይም ፓሪስ ውስጥ ተቀምጦ ስለ አበባ ሲመራመር ሶሎዳ የሚለውን ቃል እየደጋገመ ይጽፍ ነበር ማለት ነው፤ ያውም የዐድዋ ጦርነት ስፍራውን በዓለም ከማሳወቁ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት።

ሺምፐር ብቻውን አልነበረም። በ1839 የፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሁለት ወጣት ሐኪሞችን ልኮ ነበር። ካርታን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር ዐዞ ወሰደው። የሁለቱ ስብስብ ግን ወደ ፓሪስ ደረሰና፣ አሺል ሪሻር የሚባል ሊቅ የእነርሱንና የሺምፐርን ዕፀዋት አንድ ላይ አድርጎ ከ1847 እስከ 1851 ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት የመጀመሪያውን ሰፊ መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። የአገራችን ዕፀዋት በሳይንስ ፊት በመጽሐፍ መልክ የቀረቡት እንዲህ በሁለት ሞትና በአንድ ሰው ዕድሜ ዋጋ ነው።

የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1842 ገደማ ሲከስም ሺምፐር ደመወዝ የሌለው ሰው ሆነ። ይህ ጊዜ ለብዙ ተጓዥ የመመለሻ ጊዜ ነው። እርሱ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሹመት ሰጡት፤ የአገሩን ሴት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ ካቶሊክም ሆነ። የጀርመን ወታደር የነበረው ሰው ግብር አግቢና ዳኛ ሆኖ በእንትጮ ተቀመጠ። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩም ሺምፐር በሕንፃው ሥራ እጁ ነበረበት።

ታሪክ አንዳንዴ መራር ቀልድ ትወዳለች። በየካቲት 1855፣ በእኛ 1847 ዓ.ም.፣ ደጃች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሡና በዚያው ሳምንት፣ ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ለጌታው በረዳበት ሕንፃ ውስጥ የጌታው ባላንጣ ዘውድ ጫኑ። ውቤ ታሰሩ፤ ሺምፐርም የእንትጮ ሹመቱን አጣ። በሃምሳ ዓመቱ መሬት የሌለው፣ ማኅበር የሌለው፣ ልጆች ያሉት ሰው ሆኖ ዐድዋ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በሕይወቱ የደኸየበት ነው፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ይህንኑ ዘመን ነው። ስለ እርሻ ታሪካችን የጻፉ ሰዎች ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር መሆኑን፣ ዓመቱም 1858 እንደ ነበረ ይመዘግባሉ። አንባቢያችን በደሴ ገበያ ወይም በሌላው የወሎ ደጋ በቅዳሜ ገበያ የተቆለለውን ድንች በሐሳቡ ይመልከት። ስሙን በላቲን የተሸከሙትን ዕፀዋት የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ስሙን ያልተሸከመውን ድንች ግን ሁላችንም እንበላለን። የማዕረግ ጌጥ አጥቶ የቀረ ሰው ለአገሩ ሰው ያተረፈው ይህ ነው። በዓይን ያልገባ ስጦታ ስለ ሆነ ምስጋናውም እስከ ዛሬ ሳይከፈል ቀርቷል።

በ1860ዎቹ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ ሺምፐርን ወደ በጌምድር አስመጡት። በደብረ ታቦርና በጋፋት፣ መድፍ ከሚያቀልጡት ፈረንጆች አጠገብ ኖረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓውያን የፈለጉት መድፍና መንገድ ነበር፤ ዕፅ ሰብሳቢ ምን እንደሚሠራላቸው ግልጽ አልነበረም። እርሱ ግን በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ መሰብሰቡን አላቆመም። ከ1863 እስከ 1868 ባሉት ዓመታት ያደረቃቸው ዕፀዋት በርሊን ደርሰው፣ ፋትከ የሚባል ሊቅ መርምሮ አሳትሟቸዋል። በየጎፍ ያየነው እንቆቆ የሺምፐርን ስም ያገኘው በዚሁ በፋትከ እጅ ነው። በተጨማሪም ስለ ትግሬ ምድርና ዕፀዋት ሰፊ ጽሑፍ ጻፈ። ዕፁን በላቲን ስሙ ብቻ ሳይሆን በአገሩም ስም፣ ለምን እንደሚጠቅምም ጭምር እየመዘገበ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ለንደን ሄዶ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላም ሊቃውንት አንብበው ለአንባቢ አቅርበውታል።

በ1867፣ ሺምፐር በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ሳለ፣ ሽቬንደነር የሚባል የስዊስ ሊቅ ከላይ የነገርናችሁን የዛፍ ሽበት ምስጢር ለዓለም ገለጠ። ላይከን አንድ ፍጥረት ሳይሆን ፈንገስና አልጋ ተጣምረው የሚኖሩበት መሆኑን ሲናገር ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ተሳለቁበት። ዛሬ የሚሣቅበት የለም።

በዚያው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ኀይል እየተዳከመ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ጉዞ ተጀመረ። ፈረንጆቹም ታስረውም ሳይታሰሩም አብረው ተወሰዱ። መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በተንታ በኩል ያለች አምባ ናት። የዛሬዋ ደሴ ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሠዉ። ከአምባው ከወጡት አውሮፓውያን መካከል ሽማግሌው ሺምፐር ይገኝ ነበር። ስድሳ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶታል።

የእንግሊዝ ጦር በደላንታ በኩል ወደ ባሕር ሲመለስ የብራና መጻሕፍትና ሌላውን ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ነበር። የተፈቱት አውሮፓውያን ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። ሺምፐርም መሄድ ይችል ነበር፤ መንገዱ ተከፍቷል፤ መርከብም አለ። በአውሮፓ የሚያውቁት ሊቃውንት አሉ፤ ስሙ በእያንዳንዱ ትልቅ ቤተ መዘክር በሺህ ወረቀት ላይ ተጽፏል። እርሱ ግን ወደ ዐድዋ ተመለሰ። ምክንያቱን ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም፤ ቤቱ እዚያ ነበረና። በባቫሪያ የኖረው ከልጅነቱና ከወጣትነቱ ጥቂቱን ነው፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሶሎዳ ተራራውና የሚያውቃቸው ዕፀዋት ሁሉ ያሉት ዐድዋ ነው። በጥቅምት 1878 እዚያው ዐድዋ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ስለ ሆነው አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የበርሊን የዕፀዋት ቤተ መዘክር በአየር ድብደባ ተቃጠለና እጅግ ብዙ ስብስብ ዐመድ ሆነ። የሺምፐር የበርሊን ወረቀቶችም አብዛኞቹ ጠፉ። ነገር ግን የኤስሊንገኑ ዕቁብ ተራ ነገር አልነበረም ብለናል። ለአንድ ዕፅ ብዙ ቅጂ ተዘጋጅቶ ለብዙ ከተሞች ተከፋፍሎ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተቃጠለው በፓሪስ፣ በለንደን ወይም በሌላ ስፍራ ተገኘ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 ከተቋቋመ ወዲህ፣ በተለይም በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሲዘጋጅ፣ 6 ሺህ ያህል ዕፀዋትን የመረመሩት ሊቃውንቶቻችን የሺምፐርን ቁጥሮች ደጋግመው መጥቀስ ነበረባቸው። መምህራችን በየጎፍ የያዙት ወፍራም መጽሐፍ ከዚሁ ቅጽ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ከሺምፐር ጋራ ልንከራከር እንወዳለን። በኤስሊንገን ታትመው በወረቀቶቹ ላይ የተለጠፉት ጽሑፎች የዕፁን ስም፣ የተገኘበትን ስፍራና የሺምፐርን ስም ይነግሩናል። እንቆቆ ለኮሶ ትል እንደሚጠቅም፣ የመሬንዝ እንጨት ሰው እንደሚገድል የነገሩት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። አንድ ጀርመናዊ ትግርኛና አማርኛ የዕፅ ስሞችን ከሰማይ አላወረዳቸውም። ተራራውን የመሩት፣ ወረቀቱን የተሸከሙት፣ ቅጠሉን አይተው ስሙን የጠሩለት የዐድዋና የሰሜን ሰዎች ነበሩ። ይህን የምንለው የሰውየውን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ የአገሩን ስም መዝግቦ መተዉ ራሱ ብዙዎቹ ከእርሱ በፊትና በኋላ የመጡ ሰብሳቢዎች ያላደረጉት ደግ ሥራ ነው።

የአገር ዕውቀት በስም ሲያዝ ምን እንደሚሆን በዚያው በዐድዋ የታየ ምሳሌ አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲሄዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ሴቶቹ እንዶድን በሳሙና ፈንታ ሲጠቀሙበት ከትውልድ ትውልድ ኖረዋል። እንዶድ ለሳይንስ አዲስ አልነበረም፤ በላቲን ስሙ ከተሰየመ ብዙ ዘመኑ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድል መሆኑን ለማወቅ ግን ወንዝ ዳር ቆሞ የሴቶቹን ሥራ በአክብሮት የሚያይ ሰው አስፈለገ።

ወደ የጎፍ እንመለስ። ከሰዓት በኋላ መምህሩ እያንዳንዳችን የደረቅ ዕፃችንን መግለጫ እንድንጽፍ አዘዙን፤ የዕፁ ስም በአማርኛ፣ በላቲን፣ የተገኘበት ስፍራ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው፤ እኛ በመካከሉ የት እንደ ቆምን ለመገመት ስንከራከር ብዙ ሰዓት አጠፋን። የእኛ ወረቀት እንቆቆ ነበር። ሰብሳቢ በሚለው ስፍራ የራሳችንን ስም በትልቁ ጻፍንበት። አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወጣ ከመካከላችን አንዷ፣ ከሁላችን የምትቆጥብ ልጅ፣ የዕፁን ስም ማን እንደ ነገረን ጻፍን ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም መልስ አልሰጠም። ቀኑን ሙሉ አባባ፣ አባባ ስንላቸው ውለን የአዛውንቱን ስም አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር።

ወረቀቱ እስከ ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ አለ። ከታች አንድ መስመር ባዶ ትተንበታል። በሚመጣው እሑድ ወደ የጎፍ የምንወጣው ለዚሁ ነው፤ መምህሩም አብረውን ሊሄዱ ቃል ገብተዋል።